ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የትኛው ኮሃውዚንግ ይሻላል? ያለቀው፣ የሚመሠረተው ወይስ ኪራዩ

ኮሃውዚንግ ለመግባት የሚያስቡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት መኝታ ቤቱን፣ ግቢውንና ዋጋውን ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን ከቤቱ የሚበልጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ መንደሩ ውስጥ የልጃችሁ እኩያ መኖሩ ነው። ሌላው መንደሩ በየወሩ የሚጠይቃችሁ ሰዓት ከሥራ ፈረቃችሁ ጋር መግጠሙ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ የቀረው ሁሉ ቢያምርም ኑሮው ሸክም ይሆናል።

ስሙን ለማያውቀው ሰው፦ ኮሃውዚንግ ማለት እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ያለው ሙሉ ቤት ይዞ፣ በተጨማሪ ሁሉም የሚጠቀምበት “የጋራ ቤት” ያለው መንደር ነው። የጋራ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ማዕድ ቤት፣ የመመገቢያ አዳራሽ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ላውንደሪና የእንግዳ ክፍል ይኖራል። ገቢና ቁጠባ የየቤቱ ነው፤ የሚጋሩት ቦታውን፣ ሥራውንና ውሳኔውን ነው። ነገሩ የተጀመረው ዴንማርክ ውስጥ ሲሆን መነሻውም ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ የዴንማርክ ጋዜጣ “ልጆች መቶ ወላጅ ሊኖራቸው ይገባል” የሚል ጽሑፍ አወጣ። በዚያ ተነሳስተው የተሰባሰቡ ቤተሰቦች ሴተዳመን የተባለውን መንደር ሠርተው በ1972 ገቡበት። አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው መንደር ሙር ኮመንስ ነው፤ ዴቪስ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1991 በ26 ቤቶች ተከፈተ።

ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው አካባቢዎችም አሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ባለ 43 ቤቱ ታኮማ ቪሌጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከድሮ የቢሮ ሕንጻ ተለውጦ በ2004 የተከፈተው ባለ 56 ቤቱ ኢስተርን ቪሌጅ፣ ቪየና ቨርጂኒያ ውስጥ 19 ቤቶች ያሉት ብሉቤሪ ሂል፣ ሲያትል ውስጥ ደግሞ ባለ 27 ቤቱ ጃክሰን ፕሌስ ይጠቀሳሉ። እዚህ የምናነሳቸው ነጥቦች ለማንኛቸውም ያገለግላሉ፤ የሕግና የብድር ዝርዝሩ ግን የአሜሪካ ነው።

ያለቀ መንደር

ተሠርቶ ያለቀና ሰው የሚኖርበት መንደር ትልቁ ጥቅሙ ሁሉም ነገር በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው። ለጋራ ወጪ ለመንደሩ የሚከፈለው የወር ክፍያ ይታወቃል፣ ጎረቤቶቹን ታገኟቸዋላችሁ፣ ሲጣሉ እንዴት እንደሚታረቁ መጠየቅ ይቻላል። ቤቱን የምትገዙት እንደ ማንኛውም ኮንዶ ስለሆነ ከውል እስከ ቁልፍ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይበቃል።

ችግሩ የልጆች ሞገድ ነው። መሥራቾቹ ብዙዎቹ ሕጻናት ይዘው በአንድ ጊዜ ይገባሉ፤ ልጆቹ አብረው ያድጋሉ፣ አብረው ኮሌጅ ይሄዳሉ፤ ወላጆቹ ግን እዚያው ይቀራሉ። ከ15 እስከ 20 ዓመት በኋላ የሚመጣ ቤተሰብ መጫወቻ ክፍሉ ሞልቶ የሚጫወትበት ልጅ የሌለበት መንደር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ “ልጆች አሉ?” ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው። ጥያቄው “ከልጃችን በሁለት ዓመት ከፍና ዝቅ የሚሉ ስንት ናቸው?” የሚል ይሁን። እኛ ቢያንስ ሦስት ከሌሉ እንዳትቸኩሉ እንመክራለን፤ ከሦስት ቤተሰብ አንዱ ቢለቅ ልጃችሁ ብቻውን አይቀርምና። ቀጥላችሁ ስለ መጨረሻዎቹ አምስት ሽያጮች ጠይቁ። ከአምስቱ ገዢዎች ሦስቱ ልጅ ያላቸው ከሆኑ ሁለተኛው ሞገድ ጀምሯል ማለት ነው፤ ዛሬ የሚታየው ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ተስፋ አለው። አምስቱም ጡረተኞች ከሆኑ መንደሩ ወደ ሽማግሌዎች መንደርነት እየሄደ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራውን አንድ ነገር እንግለጽ። በፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ መሠረት በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ገዢን መከልከል ክልክል ነው፤ ከ1988 ማሻሻያ ወዲህ ልጅ ስላለው መከልከልም እንዲሁ። ሕጉ ልጆችን መከልከል የሚፈቅደው በዋናነት ለ55 ወይም ለ62 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው በይፋ ለተመደበ መንደር ነው፤ “ሲኒየር ኮሃውዚንግ” የሚባሉት እነዚህ ስለሆኑ ስታፈላልጉ ከዝርዝራችሁ አውጧቸው። በኮንዶ መልክ የተሠሩት ላይ የመግቢያ ፈተና የለም፤ ሻጩና ገዢው ከተስማሙ አለቀ። ኮ-ኦፕ የሆኑት ግን ይለያሉ፤ የምትገዙት ቤት ሳይሆን አክሲዮን ነው፣ ቦርድ ያጸድቃችኋል፣ የአክሲዮን ብድር የሚሰጡ ባንኮችም ጥቂት ናቸው።

ያለቀ መንደር ውስጥ ሦስት መኝታ ያለው ቤት በየዓመቱ አይሸጥም። ብዙ ጊዜ ወሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት በመንደሩ የፍላጎት ዝርዝር ላይ ለተመዘገቡ ይደርሳል። አሁኑኑ ተመዝገቡ፤ የባንክ ቅድመ ፈቃዳችሁንም በየሦስት ወሩ አሳድሱት።

ገና የሚመሠረት ቡድን

እዚህ የምትገዙት ሐሳብ ነው። ከመሬት ፍለጋ እስከ ቁልፍ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል፤ የሚዘገየውም ብዙ ነው፣ ጭራሽ ሳይሠራ የሚፈርስም አለ። ዛሬ የሁለት ዓመት ልጅ ያላት እናት ቁልፍ ስትረከብ ልጇ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ጎረቤት እጅግ የሚያስፈልግበት የዴይኬር ዘመን አልፏል። በዚያ ላይ የመመሥረቻው ዘመን በስብሰባ የተሞላ ነው።

ለምን ይመረጣል ከተባለ፣ ሁለት ጥሩ ምክንያቶች አሉ። ልጆቹ በአንድ ላይ ስለሚገቡ እኩያ አይጠፋም። ዲዛይኑ ላይም ድምፅ ይኖራችኋል፦ የጋራ ማዕድ ቤቱ ጠንካራ የኤሌክትሪክ መስመር እንዲኖረው፣ አያቶች የሚያርፉበት ክፍል ምድር ላይ እንዲሆን፣ የልጆች ክፍል ከመመገቢያ አዳራሹ በመስታወት የሚታይ ግን ድምፁ የታፈነ እንዲሆን መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን የመጨረሻውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ድምፅ የሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ አስር ሕጻናት ሲሮጡ ትልልቆቹ መምጣት ያቆማሉ፤ ከዚያ ጠቡ የልጆች ሳይሆን የወላጆች ይሆናል።

ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ቡድኑ የቱ ደረጃ ላይ እንዳለ በወረቀት ይታይ። መሬቱ ተገዝቷል ወይስ በቀብድ ብቻ ተይዟል? ካውንቲው የግንባታ ዕቅዱን አጽድቋል? የግንባታ ብድር ተፈቅዷል? ባንኮች የግንባታ ብድር ከመልቀቃቸው በፊት አብዛኛው ቤት ገዢ እንዲኖረው ስለሚፈልጉ፣ ከ30 ቤት 12 ብቻ የተያዘበት ቡድን ገና ሩቅ ነው። የምትከፍሉት ገንዘብ በየደረጃው ስንቱ እንደሚመለስ፣ ስንቱ እንደማይመለስ በውሉ ላይ ይጻፍ። ከጸደቀ ዕቅድ በፊት ልታጡት ከማትችሉት ገንዘብ ምንም አታስገቡ። ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ያጠራቀማችሁት ዕቁብ እዚህ ታስሮ ሦስት ዓመት ቢቀመጥ፣ በመሃል ሌላ ቤት መግዛት አትችሉም።

በጀት ሲያልፍ ደግሞ ከሚቆረጡት መካከል የጋራ ቤቱ ስፋት አለ። ዕቅዱ ላይ ያያችሁት መጫወቻ ክፍል በመጨረሻው ሥዕል ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

ኪራይ

ለብዙ ወጣት ቤተሰብ የምንመክረው የመጀመሪያ እርምጃ ይሄ ነው፤ የሚያስቸግረው ማግኘቱ ነው። ባንኮች በኮንዶ ሕንጻ ውስጥ የተከራይ ብዛት ስለማይወዱ ብዙ መንደሮች ኪራይን በመተዳደሪያ ደንብ ይገድባሉ። የሚገኘው አንድ ባለቤት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው። ያኔ የአንድ ዓመት ውል ይዞ መግባት ከማንኛውም ጉብኝት የበለጠ ያስተምራል። ተከራይ በሥራና በማዕድ እኩል ይካፈላል፣ በስብሰባም ይናገራል፤ በጀትን በሚመለከት ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አይኖረውም። ውሉ ላይ የወር ክፍያውንና የሥራ ሰዓቱን ማን እንደሚሸፍን መጻፉን እዩ።

ፎቅ ወይስ የተዘረጋ መንደር

ከሜትሮ አጠገብ ያለ ባለ ፎቅ መንደር ለሥራ ይቀርባል፤ አንድ መኪና ብቻ ላለው ቤት ይሄ ትልቅ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የሦስት ዓመት ልጅ ብቻውን ሊፍት ይዞ አይወርድም፤ ጨዋታው ሁልጊዜ ከወላጅ ጋር ይሆናል። የተዘረጋው መንደር መኪኖቹን ጠርዝ ላይ አቁሞ መሃሉን ለእግረኛ ይተወዋል፤ የማዕድ ቤት መስኮቶች ወደ መንገዱ ስለሚያዩ ሽንኩርት እየከተፉ ልጅን ማየት ይቻላል። ልጃችሁ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ለተዘረጋው እናደላለን። በመኪና ወንበሩ የተኛ ሕጻንና ግሮሰሪ ተሸክሞ መሄዱ ግን ስለሚያደክም፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ያለውን ርቀት በእግራችሁ ለኩት።

ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ይህን ክፍል ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ሥሩት። በብዙ መንደር ውስጥ አንድ አዋቂ በወር ከ4 እስከ 8 ሰዓት የግቢ ወይም የጥገና ሥራ ይጠበቅበታል። ከዚያ በወር አንድ ወይም ሁለት የጋራ ስብሰባ፣ አንድ ኮሚቴ፣ አንድ የማብሰል ተራ አለ። 5 ሰዓት ሥራ፣ 2 ሰዓት ተኩል ስብሰባ፣ 2 ሰዓት ኮሚቴና ሦስት ሰዓት ተኩል ማብሰል ብትደምሩ 13 ሰዓት ይሆናል፤ ለሁለት ሰው 26። ነርስ የሆነች ሚስት ሌሊት የምትሠራ፣ ባልየው ቅዳሜና እሁድ የሚነዳ ከሆነ ይህ ሰዓት ከየት ይመጣል?

ሰዓቱ መቼ እንደሚወድቅም ያነጋግራል። የሥራ ቀንና ስብሰባ በተለምዶ ቅዳሜና እሁድ ነው። እሁድ ከንጋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የምትውሉ ከሆነ የዓመቱን የስብሰባ ቀን ዝርዝር ጠይቃችሁ ከበዓላት ጋር አመሳክሩት። ስብሰባ ላይ ሕጻናት የሚጠበቁበት ዝግጅት ካለ መልካም ምልክት ነው፤ ከሌለ ከሁለት አንዳችሁ ሁልጊዜ ቤት ትቀራላችሁ፣ የምትቀረውም ብዙ ጊዜ እናት ናት።

ሥራ ላልደረሰለት ሰው ምን እንደሚደረግ ይለያያል። አንዳንዱ መንደር እንደ ዕድር መቀጫ ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ በኅሊና ይተወዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሕጻን ለወለዱ የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት እፎይታ ይሰጣል። የሚሻለው እፎይታው በጽሑፍ ያለበት ነው። በኅሊና የተተወበት ቦታ ማንም አይቆጣችሁም፤ ቅሬታው ግን ውስጥ ለውስጥ ይጠራቀማል።

ውሳኔ አብዛኛው ቦታ በስምምነት ነው። ይህ ማለት ሁሉም ይወድደዋል ማለት አይደለም፤ ለመንደሩ ጎጂ ነው የሚል ምክንያት ያለው ሰው ካልቀረ ያልፋል። ካልተስማሙስ? ከስንት ስብሰባ በኋላ፣ በስንት በመቶ ድምፅ ይወሰናል? መልሱ በደንቡ ውስጥ ከሌለ አንድ ሰው የመጫወቻ ዥዋዥዌን ዓመት ሙሉ ሊያቆየው ይችላል።

ማዕድ፣ ጾም፣ ጭስና እንግዳ

የጋራ ማዕድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ለጾመኛ ቤተሰብ ደስ የሚለው ነገር ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ በነዚህ መንደሮች የተለመደ መሆኑ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ሆነ ዓቢይ ጾም ላይ የምትበሉት አታጡም። ሙስሊም ቤተሰብ ግን ስለ ሐላል ሥጋና የአሳማ ሥጋ ስለሚበስልባቸው ዕቃዎች አስቀድሞ ይነጋገር፤ የተለየ ድስትና መክተፊያ መመደብ ቀላል ነው፣ ጥያቄው ግን ከመግባት በፊት ይነሳ።

የማብሰል ተራችሁ ሲደርስ እንጀራ ካሰባችሁ ሒሳቡን ሥሩት። 30 ሰው አንድ ተኩል አንድ ተኩል ቢበላ 45 እንጀራ ነው፤ አንዱ ከነማሞቂያው 3 ደቂቃ ቢወስድ ከሁለት ሰዓት በላይ ምጣድ ላይ ትቆማላችሁ። ከአንድ ቀን በፊት ጋግሩት። 1,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ይወስዳል፤ 15 አምፒር መስመር ላይ አጠገቡ ማይክሮዌቭ ቢሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ለብቻው መስመር ያለው ሶኬት የቱ እንደሆነ ጠይቁ።

ጭሱ ከዚህ ይከብዳል። በጋራ ቤት ውስጥ ሽቶና ጭስ የሚከለክል ደንብ ያላቸው መንደሮች አሉ፤ አለርጂና አስም ያለባቸው ጎረቤቶች ስላሉ ምክንያቱ እውነተኛ ነው። ግድግዳና አየር ማስወጫ በሚጋራ ፎቅ ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ እናንተ ቤት ቢሆንም ኮሪደር ይደርሳል፣ የጭስ ማንቂያውንም ያስጮኻል። ወደ ውጭ የሚያስወጣ የምድጃ ማራገቢያ ያለው ቤት ምረጡ፤ ብዙ ኮንዶዎች አየሩን አጣርቶ ወደዚያው ክፍል የሚመልስ ነው ያላቸው። በረንዳ ወይም ግቢ ካለ ነገሩ ይቀላል።

የእንግዳ ክፍሎቹ ያማልላሉ፤ እናት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ግን አያገለግሉም። በጉብኝት ቪዛ የሚመጡ ወላጆች እስከ ስድስት ወር ይቆያሉ፤ የእንግዳ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ይገደባል። ልጅ ሊወለድ ነው፣ አራስ ጠያቂ እናት ትመጣለች ካላችሁ የመኝታ ቤት ቁጥሩን ከዚያ ተነስታችሁ ወስኑ።

ክርስትናና ልደት አዳራሹን ከሳምንታት በፊት በማስያዝ ይሆናል። ለቅሶ ግን ቀጠሮ የለውም። መርዶ ሲደርስ በአንድ ሌሊት 80 ሰው ቢመጣ አዳራሹን ያለ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል ወይ? ለመኪናስ ቦታ አለ? ይህን በግልጽ አስረድታችሁ ጠይቁ። ምን እንደሆነ ሲገባቸው የሚሰጡት መልስ ስለ ጎረቤቶቹ ብዙ ይነግራችኋል።

እኛ አገር ትልቅ ሰው የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ ይቆጣል፤ እዚያ የተለመደው አደጋ ካለ ማንም እንዲያስቆም፣ ቅጣት ግን የወላጅ ብቻ እንዲሆን ነው። ትልልቅ ሰዎች ከልጆች ጋር ብቻቸውን ስለሚሆኑበት ሁኔታ የተጻፈ ስምምነት ያለው መንደር ከሌለው ይመረጣል።

ገንዘቡ

የወር ክፍያው ከሞርጌጅ ጋር ተደምሮ በዕዳ መጠናችሁ ውስጥ ይቆጠራል። በ6.5 በመቶ ወለድ የ30 ዓመት ብድር ላይ 100,000 ዶላር በወር 632 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። ስለዚህ እያንዳንዱ 100 ዶላር የወር ክፍያ የመበደር አቅማችሁን በ15,800 ዶላር ያህል ይቀንሳል፤ 400 ዶላር ከሆነ በ63,000። ሁለት መንደር ስታወዳድሩ የቤቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ይህንን ደምሩ፤ ከዚያ ደግሞ ክፍያው የሚሸፍነውን ኢንተርኔት፣ ውሃ ወይም ማሞቂያ ቀንሱ።

ዝቅተኛ የወር ክፍያ ሁልጊዜ ደስ አያሰኝም። ከበጀቱ ቢያንስ 10 በመቶው ወደ መጠባበቂያ ካልገባ ብዙ ባንክ ይሸሻል። ለወደፊት ትልልቅ ጥገናዎች ስንት መጠራቀም እንዳለበት የሚያሳየውን የመጠባበቂያ ጥናት ጠይቁ፤ ከሚያስፈልገው 70 በመቶና በላይ የተሞላ ከሆነ ጤናማ ነው፣ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ጣሪያው ሲያፈስ እያንዳንዱ ቤት በሺዎች የሚቆጠር ድንገተኛ መዋጮ ይጠየቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ጥናት በየ5 ዓመቱ እንዲታደስ ሕግ ያስገድዳል።

3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ባለው የኤፍ ኤች ኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው) ብድር የምትገዙ ከሆነ ኮንዶው በኤፍ ኤች ኤ የጸደቀ መሆን አለበት፤ ከ2019 ወዲህ ኮንዶው በሙሉ ባይጸድቅም የምትገዙትን አንድ ቤት ለብቻ ማጸደቅ የሚቻልበት መንገድም አለ። ቤቱን ከመውደዳችሁ በፊት የብድር ሠራተኛው የጸደቁትን ዝርዝር እንዲያይላችሁ አድርጉ።

ጉብኝትና የመጨረሻዎቹ ቀናት

አንድ የእሁድ ጉብኝት አይበቃም። አንድ ጊዜ ለማዕድ፣ አንድ ጊዜ ለሥራ ቀን፣ አንድ ጊዜ ለስብሰባ ሂዱ፤ ከተቻለ የእንግዳ ክፍል ተከራይታችሁ ሁለት ሌሊት እደሩ። በሥራ ቀን 11 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ልጅ ካለ አለ፤ ከሌለም ያኔ ይታያል። ከመንደሩ አስጎብኚ ሌላ አንድ ለብቻው የሚኖር ሰውና አንድ ሕጻን ያላት እናት አነጋግሩ። የለቀቁ ሰዎች ለምን እንደለቀቁ ጠይቁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ኮንዶ ከነባር ባለቤት ስትገዙ የመንደሩ የባለቤቶች ማህበር ሰነዶች ከደረሷችሁ በኋላ ውሉን ያለ ቅጣት ለመሰረዝ 7 ቀን አላችሁ፤ ዲሲና ቨርጂኒያ ከዚህ ያጥራል። በመጀመሪያው ቀን በጀቱንና የመጠባበቂያ ጥናቱን ለብድር ሠራተኛው ላኩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ደንቡን አንብቡ፤ ኪራይ፣ ጭስ፣ እንግዳ፣ የሥራ ሰዓት የሚሉትን ፈልጉ። ከዚያ የ12 ወር ቃለ ጉባኤ ጠይቁ፤ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ክስ፣ ስለ ኢንሹራንስ መጨመር የተነሳ ካለ ምልክት አድርጉና በአምስተኛው ቀን ለማህበሩ ገንዘብ ያዥ ደውሉ። መሰረዝ ከሆነ ደብዳቤው በጽሑፍ፣ ቀኑ ሳያልፍ ለሻጩ መድረስ አለበት፤ ለሪልተራችሁ በስልክ መንገር ብቻ አይቆጠርም።